ሁለት ጉርሻ ከእያንዳንዱ እጅ፦ በባሕር ዳር የበጎ አድራጎት የቅምሻ ምሽት አዘገጃጀት

ሰው ጠርቶ ጥቂት ማቅረብ በእኛ አገር ነውር ነው። ሞሰቡ ካልሞላ፣ «በሞቴ» እየተባለ ካልተጎረሰ፣ ግብዣው ግብዣ አይባልም። በባሕር ዳር የቅምሻ ምሽት ለማዘጋጀት የተነሣ ሰው መጀመሪያ የሚገጥመው ይህ ልማድ ነው። እንግዳው መግቢያ ከፍሎ ይመጣል፤ ስድስት ወይም ሰባት ምግብ አብሳዮች በየጠረጴዛቸው ቆመው ይቀበሉታል፤ ከእያንዳንዳቸው የሚደርሰው ግን እፍኝ የማይሞላ ምግብ ነው። ይህን አስቀድመው ሳያስረዱ የጀመሩ አዘጋጆች «ከፍለን ተራብን» የሚል ወቀሳ ሲሸከሙ አይቻለሁ። በደንብ ከተሠራ ግን የከተማዋን ባለሙያዎች ከከተማዋ ችግር ጋር የሚያገናኝ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም።

ነገሩ ከውጭ የመጣ ይመስላል፤ ሥሩ ግን ከእኛው ችግር ጋር የተያያዘ ነው። የ1977ቱ ረሃብ አገራችንን ሲመታ ቢል ሾርና እኅቱ ዴቢ ሾር አሜሪካ ውስጥ «ሼር አወር ስትሬንግዝ» የተባለ ድርጅት አቋቋሙ፤ ዘመኑ በእነርሱ አቆጣጠር 1984 ነበር። ድርጅቱ ከምግብ አብሳዮች የጠየቀው ከገንዘባቸው ይልቅ ሙያቸውን ነው። በ1988 «ቴስት ኦቭ ዘ ኔሽን» የተባሉት የቅምሻ ዝግጅቶች ተጀምረው በብዙ የአሜሪካ ከተሞች ተስፋፉ። በእኛ ረሃብ ምክንያት የተወለደውን ዘዴ እኛው ለራሳችን ልጆች ብንጠቀምበት ተገቢ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ለ120 እንግዶች የታሰበ ነው፤ ከዚያ በላይ ለጀማሪ አልመክርም።

ገንዘቡ ወዴት እንደሚሄድ ከሁሉ በፊት ይወሰን

«ለተቸገሩ ወገኖች» ብሎ መጥራት አይበቃም። አንድ የሚቆጠር ነገር ምረጡ። ለምሳሌ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ተማሪዎች ለአንድ መንፈቀ ዓመት ምሳ እንዲበሉ ማድረግ ይቻላል። ከትምህርት ቤቱ ጋር ተቀምጣችሁ የአንድ ልጅ የአንድ ቀን ምሳ ስንት ብር እንደሚፈጅ አስሉ። ያ ቁጥር ለሽያጩም፣ ለጨረታውም፣ ለምስጋናውም ይጠቅማችኋል፤ እንግዳው በከፈለው መግቢያ ስንት ምሳ እንደተገዛ በካርዱ ላይ ማንበብ ይችላልና።

ገንዘቡን በግል ስም መሰብሰብ ከመጀመሪያው የተበላሸ አሠራር ነው። በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት ከተመዘገበ ድርጅት ጋር ተፈራርሙ፤ ገንዘቡ በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ በቀጥታ ይግባ፣ ሁለት ፈራሚዎች ይኑሩት። የከተማው አስተዳደር ስለ ሕዝባዊ ዝግጅት የሚጠይቀውን ፈቃድም በዚሁ ጊዜ አመልክቱ።

ከሁሉ የሚበልጠው ደንብ የሚከተለው ነው፤ ወጪው በሙሉ የመጀመሪያዋ ትኬት ከመሸጧ በፊት ይሸፈን። ቦታውን አንድ ሆቴል፣ ጤፉን አንድ ነጋዴ፣ ዘይቱን ሌላ ነጋዴ፣ ድንኳንና ወንበሩን አንድ እድር ይስጥ። የእድር ዕቃ ቤት ትልቅ ሀብት ነው፤ ብረት ድስቱም፣ ወንበሩም፣ አስተናጋጆቹም ከዚያ ይገኛሉ። እኛ በመጀመሪያው ጊዜ ይህን ደንብ አላከበርንም ነበር። የድንኳን፣ የድምፅ ማጉያና የመጓጓዣ ወጪ ከመግቢያው ላይ ተነሥቶ ሲያበቃ የቀረው ገንዘብ አንድ ክፍል ተማሪ ለአንድ ወር እንኳን የሚያበላ አልነበረም። ቼኩን ለርእሰ መምህሯ ስሰጥ ቀና ብዬ ማየት አቅቶኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ የመግቢያ ገንዘብ ላይ ማንም እጁን አያሳርፍም።

ዋጋውን ለመተመን በከተማዋ ጥሩ የሚባል ሆቴል ለአንድ ሰው ሙሉ እራት ስንት እንደሚያስከፍል ጠይቁና እጥፍ አድርጉት። ክፍያው በባንክ ወይም በቴሌብር ይሁን፤ በበር ላይ ጥሬ ገንዘብ አትቀበሉ።

ቀን መቁረጥ

የጾም ቀን መቁጠሪያውን ሳይዙ ቀን መቁረጥ ዋጋ ያስከፍላል። የነቢያት ጾም ከኅዳር 15 እስከ ገና፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን፣ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15፣ በየሳምንቱም ረቡዕና ዓርብ አለ። የረመዳንን ወር ደግሞ በየዓመቱ ስለሚዘዋወር ለብቻው ተመልከቱ። የእኔ ምርጫ ሁለት ነው። አንዱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ከፋሲካ በኋላ ባሉት ሃምሳ ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም ሰዉ ለመብላት ደስ ይለዋል። ሌላው ከጥምቀት እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ያለው ጊዜ ሲሆን፣ ዝናብ የለም፣ አየሩም ቀዝቀዝ ያለ ነው። በመሃሉ የምትገባውን የነነዌን ሦስት ቀን ብቻ አትርሱ። ክረምቱን ተዉት።

ባለሙያዎቹን መጋበዝ

ስም ያለው ሼፍ ትኬት ይሸጣል፤ ይህ ሐቅ ነው። ማርከስ ሳሙኤልሰን ኢትዮጵያ ተወልዶ ስዊድን አድጎ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ ስሙን ተክሎ፣ በ2009 (እ.ኤ.አ.) የፕሬዚዳንት ኦባማን የመጀመሪያ የመንግሥት እራት ያዘጋጀ ሰው ነው። ዮሐንስ ገብረየሱስ ፈረንሳይ ሊዮን ተምሮ ተመልሶ የአገራችንን ምግብ በቴሌቪዥን አስተምሯል። እነዚህን የመሰለ ስም ያለውን ባለሙያ ከአዲስ አበባ ለማምጣት ብትፈልጉ ቢያንስ ከሦስት ወር በፊት ጻፉ። በደብዳቤው ላይ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል፣ የሚጠበቅበት ስንት ሳህን እንደሆነና ማን እንደሚያግዘው በግልጽ ይስፈር። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ያህል ስለሆነ በዋዜማው ይድረስ። ከባሕር ጠለል አጠገብ ካለ አገር የመጣ ከሆነ ደግሞ አንድ ነገር ንገሩት፤ ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ነው። ሽምብራና ባቄላ እርሱ ከለመደው ጊዜ በላይ ይፈልጋሉ።

ነገር ግን የምሽቱ ምሰሶ የሚሆኑት የከተማዋ ሰዎች ናቸው። እዚህ ላይ የሚያንገበግበኝ ነገር አለ። ነጭ ካባ ለብሶ በሆቴል የሚሠራው «ሼፍ» ይባላል፤ በዓሣ ቤት ጓዳ ለሃያ ዓመት ወጥ የሠራችው ሴት ግን «ወጥ ቤቷ» ተብላ ትቀራለች። ደንበኛው ምግቡን ያውቀዋል፣ የቤቱን ስም ያውቀዋል፣ የእርሷን ስም ግን አይጠይቅም። ስለዚህ ከስድስቱ ጠረጴዛ ቢያንስ ሦስቱ የእነዚህ ሴቶች ይሁን። ስማቸው በጠረጴዛው ላይ እንደ ሆቴሉ ሼፍ እኩል በትልቁ ይጻፍ፤ ሽርጡም ለሁሉም አንድ ዓይነት ይሁን።

ግብዣው በስልክ አይደረግም። ከሰዓት በኋላ የምሳው ግርግር ሲያልፍ ሄዳችሁ ቁጭ በሉ። ቀጣሪዋን አስፈቅዱ፤ ያን ቀን የምትቀረው ከሥራዋ ስለሆነ የቀን ደመወዟ እንደማይቆረጥ አረጋግጡ፤ ካልሆነም ከወጪ ሰጪዎቹ ድርሻ ይከፈላት። የበጎ ሥራው ሸክም ከሁሉም ዝቅተኛ ደመወዝ በምታገኘው ሴት ላይ ሊወድቅ አይገባም። ሁለት ባለሙያዎች ተመሳሳይ ምግብ እንዳያቀርቡም በዚሁ ጊዜ ተስማሙ።

ምን ይቅረብ፣ ምን ያህል ይቅረብ

«አንድ ጉርሻ ያጣላል» ይባል የለ? መለኪያችንም ከዚሁ ይውጣ። ከእያንዳንዱ ጠረጴዛ ሁለት ጉርሻ ይሰጥ። በሚዛን ሲታይ 80 ግራም ያህል ነው፤ ከስድስት ጠረጴዛ ሲደመር ግማሽ ኪሎ የሚጠጋ ምግብ ይሆናል። ማንም ተርቦ አይሄድም። ይህንኑ በመግቢያ ካርዱ ላይ ጻፉት፤ «ከእያንዳንዱ እጅ ሁለት ጉርሻ» የሚለውን ያነበበ እንግዳ የመጀመሪያዋን ትንሽ ሳህን ሲቀበል አይከፋም።

ምግቡ በምን ላይ ይቁም ለሚለው መልሴ ዓሣ ነው። ጣና አጠገባችን መሆኑ አንዱ ምክንያት ነው፤ የሚበልጠው ግን የገበታው ነገር ነው። የክርስቲያን ሥጋና የሙስሊም ሥጋ በአገራችን ለየብቻ ነው፤ ሥጋ ያቀረባችሁ ቀን ከእንግዶቻችሁ ከፊሉን ገፍታችኋል፤ አለዚያም ሁለት ማብሰያ፣ ሁለት ቢላዋ፣ ሁለት ሰልፍ ማዘጋጀት ይኖርባችኋል። ዓሣ ግን አይታረድም፤ ሁለቱም ወገን ከአንድ ሳህን ይበላዋል። በዚህች ከተማ ሁሉም ሰው በአንድ ሰልፍ የሚቆምበት ምግብ ፈልጉ ብባል ከዓሣና ከጥራጥሬ ሌላ የምጠቅሰው የለኝም።

ስድስቱን ጠረጴዛዎች እኔ እንደሚከተለው አደርጋቸዋለሁ። አንዱ ዓሣ ለብለብ፣ ሁለተኛው ዓሣ ዱለት፣ ሦስተኛው የእንግዳው ሼፍ የራሱ ፈጠራ በቆሮሶ (ቲላፒያ በሚባለው ዓሣ) ይሁን። አራተኛው የሽምብራ ዓሣ ነው፤ የሽምብራ ዱቄት ተቦክቶ፣ በዓሣ ቅርጽ ተቆርጦ፣ ተጠብሶ ወጥ ውስጥ የሚገባው የጾም ምግብ ከእውነተኛው ዓሣ አጠገብ ሲቀርብ ደስ ይላል። አምስተኛው የፎገራ ሩዝ ይሁን፤ ከሐይቁ ምሥራቅ ያለው የፎገራ ሜዳ ሩዝ የታወቀ ነው፣ በሆቴሎቻችን ግን በተገቢው ክብር ሲቀርብ አላየሁም። ስድስተኛው ጣፋጩ፣ የጎጃም ማርና ድፎ ዳቦ። ለመጠጥ ብርዝ አዘጋጁ፤ ስላልተብላላ አስካሪ የማይጠጣውም ይጠጣዋል።

ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለው ጥያቄ በየቤቱ የተለያየ መልስ አለው፤ እናንተ ፈራጅ አትሁኑ። የሽምብራ ዓሣውና የሩዙ ጠረጴዛ ቅቤም ዓሣም ያልነካው የራሱ መጥበሻና የራሱ ዘይት ይኑረው፤ ይህም ለእንግዳው ይነገረው።

ስሌቱን እናድርገው። ለእያንዳንዱ የዓሣ ጠረጴዛ ለአንድ ሰው 60 ግራም ንጹህ የዓሣ ሥጋ ብንይዝ ለ120 ሰው 7.2 ኪሎ ይሆናል። ከአንድ ኪሎ ሙሉ ቆሮሶ የሚወጣው ንጹህ ሥጋ ከሲሶ ብዙም አይዘልም። ስለዚህ ለአንድ ጠረጴዛ 22 ኪሎ ሙሉ ዓሣ ያስፈልጋል፤ 24 ግዙ። እንጀራው ተጠቅልሎ በ12 ይቆረጥ። እንጀራ የሚፈልጉት አራት ጠረጴዛዎች ቢሆኑ ለአንድ ሰው 8 ቁራጭ፣ ለሁሉም 960 ቁራጭ ይሆናል፤ ይህም 80 እንጀራ ነው። አሥር ጨምሩበት። ለቡናው የዘጌን ቡና ፈልጉ፤ ሲቆላ ክብደቱ በአምስተኛ ያህል ስለሚቀንስ ለ120 ሲኒ አቦል ከአንድ ኪሎ ትንሽ አለፍ ያለ ጥሬ ቡና ይበቃል።

ከሳምንት በፊት የሙከራ ቀን አድርጉ። ሁሉም ምግቡን ሠርቶ ያምጣና ይቀማመሱት። ሆቴል ውስጥ ያደገው ወጣት ሼፍ የዓሣ ቤቷን ባለሙያ እጅ የሚያየው ያን ቀን ነው። ባለፈው ሙከራ አንዲት እናት ከድስቱ ጥቂት መረቅ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ፣ ዝም አሉ፣ እንደገና ጠብ አድርገው «ልጄ፣ ሽንኩርቱ አልበሰለልህም፤ ቸኩለህ በርበሬውን ጨመርህበት» አሉት። ወጣቱ ድስቱን ከእሳት አውርዶ እንደገና ጀመረ።

ዓሣውን መግዛት

ዓሣ የሚገዛው በዋዜማው አይደለም፣ በዕለቱ ጠዋት ነው፤ ገዢውም የምታበስለው ራሷ ትሁን። ገና ሳይነጋ ከዓሣ አስጋሪዎቹ ማራገፊያ ብትደርሱ፣ የደንገል ታንኳዎች ከጭጋጉ ውስጥ አንድ በአንድ ብቅ ሲሉ፣ የሞተር ጀልባዎቹም መረባቸውን ሲያራግፉ ታገኛላችሁ። እኔ አብሬአቸው የሄድኳቸው ባለሙያ ዋጋ ከመጠየቃቸው በፊት የዓሣውን ስንጥብ በአውራ ጣታቸው ገለጥ ያደርጋሉ፤ ደማቅ ቀይ ካልሆነ ያልፉታል። ቀጥለው ዓይኑን ያያሉ፤ የጠራና ወጣ ያለ መሆን አለበት። በመጨረሻ ጎኑን በጣት ጫን አድርገው ይለቁታል፤ ሥጋው ወዲያው ተመልሶ ካልሞላ ዓሣው አድሯል። ሦስቱን ያላለፈ ዓሣ በነጻ ቢሰጧቸውም አይወስዱም።

ከገዛችሁ በኋላ ለአንድ ኪሎ ዓሣ አንድ ኪሎ በረዶ ያዙ። በረዶውን ከሆቴሉ በዋዜማው አስቀምጡ። የሚበላ ነገር ወይ ከ5 ዲግሪ በታች ይቀዝቅዝ፣ ወይ ከ60 ዲግሪ በላይ ይሙቅ፤ በመሃል ከሁለት ሰዓት በላይ አይቆይ። ጥሬ ዓሣ ለሕዝብ አታቅርቡ፤ የሚወድ ሰው ቢኖርም የጥገኛ ትል አደጋው የዝግጅቱን ስም ያጠፋል።

ስለ ሐይቁም እናስብ። ነጭ ዓሣ የሚባለው የላቤዮባርበስ ወገን፣ በጣና ብቻ የሚገኙ ዝርያዎች ያሉት፣ በክረምቱ መጨረሻ ለመራባት ወደ ርብና ወደ ጉማራ ወንዞች ይወጣል፤ በወንዙ አፍ ላይ መረብ ሲጣል እንቁላሉን የያዘው ዓሣ ይያዛል። በነሐሴና በመስከረም ይህን ዓሣ ከገበታችሁ አውጡት። ጎላ ባለ ሰሌዳ ላይ ምክንያቱን ጻፉት፤ ስለ እምቦጭ የሚጨነቅ የከተማዋ ሰው ይህንንም ማወቅ ይገባዋል።

ቦታና ሰዓት

በሐይቁ ዳር ያለ የሆቴል አትክልት ቦታ ይበቃል። በደሴቶቹ ላይ እናድርገው የሚሉ አይጠፉም፤ አትስሟቸው። ገዳማቱ የጸሎት ቦታ ናቸው፤ እንደ ክብራን ገብርኤል ያሉት ሴት አያስገቡም።

ከቀኑ 10 ሰዓት ጀምሩ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ጨርሱ። ፀሐይዋ 12 ሰዓት አካባቢ ሐይቁ ላይ ስትጠልቅ እንግዳው በሙሉ በቦታው ይገኛል፤ ሌሊቱም ሳይገፋ ሰዉ ይበተናል። ከሰሉ ከድንኳን ውጭ ይሁን፤ በተዘጋ ቦታ ጭሱ ይገድላል። ከሐይቁ የሚመጣው ነፋስ ፍሙን ስለሚያነሣው ምድጃዎቹ ከድንኳኑ ራቅ ይበሉ፣ በየምድጃው አጠገብ አንድ ባልዲ ውኃ ይቀመጥ። መብራት እንደሚጠፋ አድርጋችሁ ተዘጋጁ፤ ጄነሬተሩን በዋዜማው አስነሥታችሁ ሞክሩት። የፕላስቲክ ሳህን ወደ ሐይቁ ይበራል፤ በሸክላና በኮባ ቅጠል አቅርቡ።

ምሽቱ እንዴት ይሂድ

ሰልፍ የቅምሻ ምሽት ጠላት ነው። 120ውን እንግዳ በስድስት ቡድን ክፈሉ፤ የእያንዳንዱ ካርድ መነሻ ጠረጴዛውን ይናገር፤ በየ20 ደቂቃው ደወል ሲደወል ቡድኑ ወደ ቀጣዩ ይለፍ። ስድስቱ ዙር ሁለት ሰዓት ይፈጃል። በየጠረጴዛው በአንድ ጊዜ 20 ሰው ብቻ ስለሚኖር ባለሙያዋ ምግቡ ምን እንደሆነ ለመናገር ጊዜ ታገኛለች። መናገር የምታፍር ከሆነች አጠገቧ የሚያስረዳ ሰው አቁሙ፤ ነገር ግን መጀመሪያ እርሷ ስሟን ትናገር።

ከዙሩ በኋላ ቡናው ሲፈላ ጨረታው ይጀመር። የሚሸጠው ዕቃ አይሁን፤ ባለሙያዎቹ ተጋብዘው በአሸናፊው ቤት ለአሥር ሰው እራት ይሥሩ። በደብር ጉባኤ ላይ ጨረታ የሚያጫርት አንደበተ ርቱዕ ሰው በየሰፈሩ አለ፤ ከመድረክ አስተዋዋቂ ይልቅ እርሱን ጥሩ። የተጠራው ብር ስንት ልጅ እንደሚያበላ ወዲያውኑ እየተባዛ ይነገር። ንግግር ግን አሳጥሩ፤ የክብር እንግዳ ካለ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል።

የተረፈ እንጀራ ደርቆ ድርቆሽ ይሆናል፤ የተረፈ ዓሣ ግን ለማንም አይሰጥም፣ ይወገዳል። ለሚረዳው ሰው የምንሰጠው ለራሳችን የማንበላውን ሊሆን አይገባም።

ከምሽቱ በኋላ

በሦስት ቀን ውስጥ የገባውን ገንዘብ፣ በዓይነት የተሰጠውን፣ የወጣውን በአንድ ገጽ ጽፋችሁ ለእያንዳንዱ ትኬት ገዢ ላኩ፤ የባንክ ማስገቢያው ቅጂ ይያያዝ። ለባለሙያዎቹ ደግሞ በአካል ሂዳችሁ ስጡ፤ በየዓሣ ቤቱ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ፣ የእርሷ ስም ያለበት የምስጋና ወረቀትም ይኑር።

ምገባው ከተጀመረ ከሳምንት በኋላ ባለሙያዎቹን በምሳ ሰዓት ወደ ትምህርት ቤቱ ውሰዷቸው። ካሜራ ይዛችሁ አትግቡ፤ የልጆች ፊት የማንም ማስታወቂያ አይደለም። እኛ በሄድንበት ቀን ርእሰ መምህሯ እንግዶቹን ወደ ቢሮ ስትጋብዝ እኚያ እናት ቀጥ ብለው ወደ ማብሰያው ዳስ ሄዱ። የትልቁን ድስት ክዳን ከፈት አድርገው የምስሩን ወጥ መዳፋቸው ላይ ጠብ አድርገው ቀመሱ። ከዚያም ነጠላቸውን አጣፍተው ወገባቸው ላይ አሰሩና ጭልፋውን ከትምህርት ቤቷ ወጥ ሠሪ እጅ ተቀበሏት።